የጋሽ ዘውዱ እንቢታ፤ ከኦስሎ አምስት ቀን በሸራ መርከብ

እኔ ውሃ የምወደው በብርጭቆ ሲቀርብልኝ ነው። ደሴ ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግሁ፣ ሐይቅን እንኳ ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ ያየሁ ሰው ነኝ። ኦስሎ መኖር ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ባሕሩን ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። እንግዲህ በዚህ ሐምሌ አምስት ቀን ሙሉ በሸራ መርከብ፣ ከሳንቃና ከድንች ጋር ተጭኜ ተመለስኩ ብል፣ ደሴ ያለችው እህቴ ዘነቡ «አንቺ ደግሞ መቀባጠር ትወጃለሽ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ለእሷም፣ ይህን አገር ለማያየውም ሁሉ፣ እንደሆነው እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በጋሽ ዘውዱ ነው። ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ልጆቼ አያት ምን እንደሆነ ያወቁት በእሳቸው ነው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ነበሩ፤ ምጽዋ ላይ የመርከብ መሪ ይይዙ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መርከባቸው ወደ የመን ተሻገረች፣ ወደቡ ላይ መሪውን ለቀው ወረዱ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ መሪ ነክተው አያውቁም። እዚህ አገር ጡረታ እስኪወጡ ኦስሎ ወደብ ዳር ቢየርቪካ ያሉትን ትልልቅ ቢሮዎች ሲያጸዱ ኖሩ። አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ በመስኮቱ በኩል መርከብ ሲያልፍ መወልወያቸውን አቁመው እስኪርቅ ድረስ ያዩት ነበር።

ዘንድሮ ዓይናቸው ታመመ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፤ ግራና ቀኙ ግን ከዳርና ከዳር እየጨለመ ነው፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። ከሆስፒታል ይዣቸው ስመለስ ባቡር ውስጥ ድንገት «የሺ፣ ይሄ ዓይን ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መሪ ይዤ ባሕር ላይ ብቆም» አሉኝ። ወዲያው አፍረው ወሬውን ወደ አየሩ አዞሩት። ሌሊቱን ሙሉ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ የምሠራው ላምበርትሴተር ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከምንከባከባቸው አሮጊቶች የአንዷ ልጅ ኢንግሪድ ትባላለች፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት የእንጨት መርከብ ካፒቴን ናት። እንደ ድሮው በሸራ እየሄደች ሳንቃና አትክልት ታመላልሳለች። ስለ ጋሽ ዘውዱ ሳጫውታት «ሰኞ ጠዋት ኑ፤ ሁሉም ሰው ይሠራል» አለችኝ። ግብዣው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ኑ አለች፣ እኔም አንድ ጊዜ «ያ፣ ታክ»፣ አዎ አመሰግናለሁ፣ አልኩ።

ይህን የተማርኩት ተርቤ ነው። የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ ቤቷ ጠርታኝ ዋፍል የሚሉትን ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ ስታቀርብልኝ፣ እንደ አገራችን ወግ «ናይ፣ ታክ»፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አልኩ። ሳህኑን አንስታ ሄደች! ትመልሰዋለች ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። ያን ቀን ሽታውን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ ጋሽ ዘውዱን ከመሳፈራችን በፊት «ጋሽዬ፣ ምግብ ሲሰጡዎት ያኔውኑ ይቀበሉ፤ እነዚህ ሰዎች አይደግሙም» ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። «እሺ» አሉ። ስለ ምግብ ብቻ መናገሬ ነው ጥፋቴ።

ሰኞ

ጋሽ ዘውዱ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማቸውን አብለጭልጨው መጡ። «ሰርግ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብላቸው «መርከብ ላይ እንደተገኘ አይወጣም» ብለው ገላመጡኝ። ኢንግሪድ ደግሞ ጉልበቱ የተጣፈ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን በገመድ ቁራጭ ሸብ አድርጋ ትጠብቀናለች። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ ወደቡ የሚሰማት ሴት ናት። ጋሽ ዘውዱ ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው የወታደር ሰላምታ ሰጧት። ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። አልሳቀችም፤ እጇን ቱታዋ ላይ ጠርጋ በዚያው ዓይነት መለሰችላቸው። ያኔውኑ ወደድኳት።

መርከቧ ሄልጋ ትባላለች። ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች አሏት፣ ጎኗ በሬንጅ ጠቁሯል፣ ሆዷ ውስጥ ለቶንስበርግ ከተማ ጀልባ ሠሪዎች የሚሄድ የኦክ ሳንቃ ተቆልሏል። ሽታዋ እንጨትና ሬንጅ ነው፤ ደስ ይላል። ደስ ያላለኝ ወደ መኝታ የምታወርደው ቀዳዳ ናት። እኔ ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ይዤ መጥቻለሁ፤ ግማሹ ምግብ ነው። ሻንጣው ቀዳዳው ላይ ተወተፈ። እኔ ከታች ስስብ፣ ወጥ ቤቱ ቢየርን ከላይ ሲገፋ ዚፑ ተበጠሰና ዳቦ ቆሎው በመርከቧ ወለል ላይ ተበተነ።

ቢየርን በር የሚያክል፣ ጺሙ ቀይ የሆነ ሰው ነው። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ።

«ምግብ።»

«መርከቡ ላይ ምግብ አለ እኮ።»

«እሱማ አለ፤ ግን ድንገት…» አልኩና አቆምኩ። ሰው ባዶ እጁን መንገድ እንደማይወጣ እንዴት ብዬ ላስረዳው? እሱ ግን ከወለሉ አንድ ፍሬ አንስቶ ቀመሰ፣ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ እየለቀመ ይበላ ጀመር። ሽሮዬንና በርበሬዬን ወስዶ ከዱቄቱ ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ክዳኑ ላይ ስሜን ጻፈበት። ሐሙስ የማብሰል ተራ የእኔ እንደሆነም በዚያው ነገረኝ።

ከወደቡ እንደራቅን ሸራ የመሳብ ሥራ መጣ። እኛ አገር አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄዳል፤ ወርዶ የሚገፋው ጭቃ ሲይዘው ብቻ ነው። ሄልጋ ሁልጊዜ ጭቃ እንደያዛት አውቶቡስ ናት። ካፒቴኗም፣ ወጥ ቤቱም፣ ሌሎቹ ሦስት ሠራተኞችም፣ እኔም በአንድ ገመድ ተሰልፈን «ኦ ሄይ! ኦ ሄይ!» እያልን ስንስብ ያ ከባድ ሸራ ቀስ እያለ ወጣ። እነሱ ዱግናድ ይሉታል፤ በፀደይ ሃውገሩድ ግቢያችንን የምንጠርግበት የጋራ ሥራም ስሙ ይኸው ነው። ደቦ ነው በቃ፤ ጠላ የለውም እንጂ።

ጋሽ ዘውዱ ኮታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ተስቦ ሲያልቅ የገመዱን ጫፍ ከማሰሪያው እንጨት ላይ በሁለት ዙር ጠመጠሙትና አንድ ቋጠሮ ጣል አደረጉበት። እጃቸውን እንኳ አላዩም። ቢየርን ጠጋ ብሎ ቋጠሮውን ተመለከተ። «ማን አስተማረህ?» አላቸው።

«ኖርዌጂያን!» አሉ ጋሽ ዘውዱ። እውነት ነው፤ የባሕር ኃይላችን ሲቋቋም ከረዱት ውስጥ ኖርዌጂያኖች ነበሩበት፣ የጋሽ ዘውዱን አለቆች ያስተማሩ። ይህን ሲሰሙ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እንደ እንግዳ አላያቸውም።

ማታ ድሮባክ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መልሕቅ ጣልን። እራት የዓሣ ሾርባ ነበር፣ ወፍራም፣ ካሮት ያለበት። ቢየርን «ይጨመር?» ሲል ጋሽ ዘውዱ ወደ እኔ አየት አደረጉና ልክ ለአዛዥ እንደሚመልሱ «ያ!» አሉ። ኮራሁባቸው። አልጋዬ ግን የሣጥን ያህል ናት፤ ስተኛ አንዴ፣ ስነሳ ሁለቴ ጭንቅላቴን ገጨሁ።

ማክሰኞ

ጠባቡን የድሮባክ ወሽመጥ ስናልፍ ነፋሱ በረታ። ሄልጋ ጋደል አለች፤ የእኔም ሆድ አብሯት ጋደለ። ቁርሴን ለዓሣዎቹ ሰጠሁ። አጎንብሼ ሳለሁ ሻሼ ከራሴ ላይ ተነስታ ወደ ባሕሩ በረረች፤ ከደሴ የመጣች ሻሽ! «ሻሼን!» ብዬ ስጮህ ከሠራተኞቹ አንዱ ሰው ወደቀ ብሎ ደንግጦ መጣ። ቢየርን ደረቅ ብስኩትና ከእሱ ራስ የወለቀ የሱፍ ቆብ አመጣልኝ። ቆቡ እስከ አፍንጫዬ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን እስከ መጨረሻው ከራሴ አላወለቅኩትም።

ጋሽ ዘውዱን ብታዩአቸው! ሃውገሩድ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ የሚያርፉት ሰው፣ በዚያ በሚወዛወዝ ወለል ላይ እንደ ጎረምሳ ይሄዳሉ። ከመሪው አጠገብ ቆመው ሸራውን ያያሉ፣ ኮምፓሱን ያያሉ፣ ከዚያ መሪውን ያያሉ። መሪው የሰው ወገብ የሚደርስ የእንጨት መንኮራኩር ነው፤ እጀታዎቹ በስንት ሰው መዳፍ ተወልውለው ያበራሉ። የጋሽ ዘውዱ ጣቶች ኪሳቸው ውስጥ ሆነው ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

ከቀትር በኋላ ኢንግሪድ «ዘውዱ፣ መሪውን መያዝ ትፈልጋለህ?» አለቻቸው። ካፒቴንም ሆነ አዛውንት፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉንም አንተ ነው የሚሉት።

ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ናይ፣ ናይ፣ ታክ። እናንተ ያዙ፤ እኔ እንግዳ ነኝ» አሉ።

«ግሬይት» አለች ኢንግሪድ፤ እንዳልከው ይሁን እንደማለት ነው። ዞራ ሌላውን ሠራተኛ ጠርታ መሪውን ሰጠችው።

ጋሽ ዘውዱ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛውን ጥሪ ሲጠብቁ አውቃለሁ፤ እኔም ያንን ዋፍል እንደዚሁ ነበር የጠበቅሁት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መርከቧ ፊት ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ሰላሳ ምናምን ዓመት የጠበቁት ነገር በአንዲት «ናይ» ከእጃቸው አመለጠ። ኢንግሪድ ደግሞ ሰውን አክብራ መተዋ ነው፤ ፊቷ ላይ ቅንጣት ክፋት የለም። በማን ልናደድ?

ከእራት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጋሽዬ፣ ለምን እንቢ አሉ?»

«እንዴ፣ ዘልዬ ልያዘው? ሰውዬው ቸኮለ ይበሉኝ? አንዴ ጠየቀች። ከልቧ ቢሆን ትደግም ነበር» አሉ። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይኔን አይታ ይሆናል። አልፈርድባትም» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! እኔ እነግራታለሁ…»

«የሺ!» አሉኝ፤ እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ለምነሽ ያሰጠሽኝ እንደሆነ የሚቀጥለው ወደብ ላይ ወርጄ በአውቶቡስ እገባለሁ። ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ቃል ግቢልኝ።»

ምን አደርጋለሁ? ቃል ገባሁ።

ረቡዕ

ቶንስበርግ ደረስን። ሳንቃውን ለማውረድ ተደርድረን ከእጅ እጅ ስንቀባበል ዋልን። ከዚያ የድንችና የሽንኩርት ጆንያ መጫን ሆነ። ደሴ መናኸሪያ ጭነት ሲጫን የሚሰማው ጩኸትና ስድብ እዚህ የለም፤ ሰባት ሰው ሳይነጋገር ይሠራል። መጀመሪያ የተኳረፉ መስሎኝ ነበር።

ዕለቱ የጾም ቀን መሆኑን ለቢየርን መናገር ረስቻለሁ። የአሳማ ሥጋ ያለበት የአተር ሾርባ ሠርቶ ደስ ብሎት ሲያቀርብ፣ እኔና ጋሽ ዘውዱ ተያየን። አስረዳሁት፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ጋሽ ዘውዱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?» አለና ወደ ወጥ ቤቱ ወረደ። በዘጠኝ ሰዓት ድንች በዘይትና በሽንኩርት ጠብሶ፣ ቂጣ ጋግሮ፣ በሦስት ሳህን ይዞ መጣ።

«ሦስተኛው የማን ነው?» አልኩት።

«የእኔ። ሰው ብቻውን አይበላም» አለ። ከጠዋት ጀምሮ እሱም ምንም አልቀመሰም ነበር። ይህንን ሰው እናቴ ብታገኘው ትመርቀው ነበር።

ጋሽ ዘውዱ በሉ፣ አመሰገኑ፣ ቢየርን ያልቻለውን አንድ ቋጠሮም አስተማሩት። ግን ወደ መሪው በኩል አልሄዱም። በዚያ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ያዞሩ ነበር።

ሐሙስ

ከቶንስበርግ እንደወጣን ትንሽ ሄድንና ነፋሱ ጥፍት አለ። ሸራው እንደ ተሰጣ አንሶላ ተንጠለጠለ። ሄልጋ ሞተር አላት፤ ኢንግሪድ ግን ከወደብ ለመግባትና ለመውጣት ካልሆነ አታስነሳውም። «ድንች አይቸኩልም» አለች፣ መልሕቅ ጣለችና ካልሲዋን መጣፍ ጀመረች። እኛ አገር መኪና ሲቆም ሹፌሩ ይሳደባል፣ ረዳቱ ይሯሯጣል፣ ተሳፋሪው ምክር ይሰጣል። እዚህ ነፋስ ሲቆም ሰው ልብሱን ያጥባል፣ መጽሐፍ ያነባል። ይህንን ትዕግሥታቸውን እቀናበታለሁ። እኔ ግን ውስጤ ይቃጠላል፤ ነገ ኦስሎ መግባታችን ነው፣ ነገ ሁሉም ነገር ያልቃል።

ተራዬ ነውና ሽሮ ሠራሁ። ሽንኩርቱን ስከትፍ አለቀስኩ፣ ምክንያት አገኘሁና ትንሽ ጨመር አድርጌም አለቀስኩ። ጋሽ ዘውዱ መልሕቁን የመጠበቅ ተራ ደርሷቸው ከላይ ቀሩ፤ የእሳቸውን ድርሻ ከድኜ አስቀመጥኩላቸው። ሌሎቹ ከታች ጠባቧ ጠረጴዛ ዙሪያ ታፍገው በሉ። ቢየርን ላቡ በጺሙ እየወረደ ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

«አንቺስ?» አልኳት ኢንግሪድን ጭልፋዬን ሞልቼ።

«ናይ፣ ታክ። በቃኝ» አለች ሳህኗን በእጇ ከልላ።

«በሞቴ!» አልኳት፣ ሳላስበው በአማርኛ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ተረጎምኩላት። ዓይኗ ፈጠጠ። «ለአንድ ጭልፋ ወጥ ትሞቻለሽ?»

«እኔስ አልሞትም፤ አንቺ ግን ትበያለሽ» አልኳት። እነሱ ሲስቁ እኔ ማብራራት ጀመርኩ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ እንቢ ነው የሚለው። እንቢ ማለቱ ጨዋነቱ ነው እንጂ አልፈልግም ማለቱ አይደለም። ጋባዡ ይደግማል፣ እንግዳውም አሁንም እንቢ ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ነው እጁን የሚዘረጋው። በመጀመሪያው የተቀበለ ዓይን አውጣ ይባላል። አንዴ ጠይቆ የተወ ጋባዥ ደግሞ ከልቡ አልጋበዘም ይባላል።

«እኛ ደግሞ» አለች ኢንግሪድ «እንቢ ያለን ሰው መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ሰውን ማስጨነቅ ይመስለናል።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። በቀዳዳዋ በኩል ወደ ላይ ቀና አለች፤ ከዚያ የሚታየው የጋሽ ዘውዱ የተወለወለ ጫማ ብቻ ነበር። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «ማክሰኞ ዕለት…» ብላ ጀመረች።

ቃሌ ትዝ አለኝና ጭልፋዬን ድስቱ ውስጥ ከተትኩ። «እኔ የማወራው ስለ ሽሮ ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሳህኗን ዘረጋችልኝ። «ጨምሪልኝ» አለች።

ዓርብ

ጠዋት ከደቡብ ጥሩ ነፋስ ተነሳ። መልሕቁን ጎትተን ሸራውን ሰቀልን፤ ሄልጋ ወደ ኦስሎ መገስገስ ያዘች። ኢንግሪድ ስለ መሪው ትንፍሽ አላለችም። አንዱ ሠራተኛ ያዘ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ድሮባክን አለፍን፣ እሷ ሸራና ካርታ ታያለች። እኔ በየደቂቃው ዓይኗን እፈልጋለሁ፣ አታየኝም። አልገባትም ማለት ነው፣ ሽሮዬን በልታ ተወችኝ አልኩ። ተናደድኩ፤ ሳህን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ።

ጋሽ ዘውዱ ወደ ከተማ መግባት ነውና ሙሉ ልብሳቸውንና ክራባታቸውን መልሰው አደረጉ። የኔሶደንን ባሕረ ገብ ምድር በቀኝ እያየን ስንጠጋ ከተማችን ከሩቅ ብቅ አለች፤ ኮረብታው፣ ክሬኖቹ፣ ነጩ ኦፔራ ቤት። ያኔ ኢንግሪድ መሪውን ራሷ ተቀበለች።

«ዘውዱ!» ብላ ተጣራች። ጋሽ ዘውዱ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። «መሪውን ትይዛለህ?»

እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፣ ጎንበስ አሉ። «ናይ፣ ታክ፣ ካፒቴን። አንቺ ያዢ።»

አይ እኚህ ሰውዬ! በልቤ አምላኬን ጠራሁ። ኢንግሪድ ግን በዚህ ጊዜ «ግሬይት» አላለችም። «ዘውዱ፣ እባክህ፣ መሪውን ያዝልኝ» አለች።

ጋሽ ዘውዱ ቀና አሉ። «ዓይኔ ግራና ቀኙን አያይም» አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ይህንን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገሩም ነበር። «ሰው አለሽ፤ እነሱ ይያዙ።»

«ግራና ቀኝ የሚያይ ሰው ሞልቶኛል» አለች። «ቢየርን፣ ቀኙን ያዝ! የሺ፣ አንቺ ግራውን! ያያችሁትን ሁሉ ትነግሩታላችሁ።»

«ናይ፣ ካፒቴን፣ እኔ…»

ኢንግሪድ ሁለት እጆቿን ከመሪው ላይ አነሳችና ወደ ሰማይ ዘረጋች። «በሞቴ!» አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ወደቡ እስኪሰማት።

መሪው በራሱ መዞር ጀመረ። የሄልጋ አፍንጫ ዞር አለ፣ ከላይ ሸራው ተርገፈገፈ። «በስመ አብ!» ብለው ጋሽ ዘውዱ ዘለው ያዙት። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሸራው ሞላ፣ መርከቧ ቀጥ አለች። ኢንግሪድ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ውሃው ሰፍቶ ከተማው የሚታይበትን ቦታ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። እኔ ደግሞ ሳህን እሰብራለሁ!

«የሺ፣ ግራውን!» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ የማላውቀው፣ የወጣት ድምፅ።

«አንድ ነጭ ጀልባ፣ ሩቅ ነው! ሁለት ሰዎች እየቀዘፉ፣ እነሱም ሩቅ ናቸው! ወፍ!» አልኩ።

«ወፉን ተይው።»

ያቺ ውሃ የምትፈራው የሺ፣ በቢየርን ቆብ፣ ከሄልጋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ጀልባ ትጠራለች። ቢየርን በቀኝ በኩል የመንገደኞች ፌሪውን ሲጠራ፣ ጋሽ ዘውዱ ገና ሳይጨርስ መሪውን በቀላሉ ዞር አድርገው አሳለፉት። እንባቸው ግን ይወርዳል። ሊጠርጉት እጃቸውን ከመሪው አላነሱም፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው፤ ከዚያ ሮጬ ወደ ግራዬ ተመለስኩ።

ወደ ቢየርቪካ ስንቃረብ በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቱኝ። «ያ ጥቁሩ ሕንፃ፣ አምስተኛው ፎቅ ከዳር ሁለተኛው መስኮት። ከዚያ ነበር የማየው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም ያንን መስኮት እያየሁ ግራውን መጠበቅ ረሳሁ፤ ደግነቱ በዚያ በኩል ምንም አልመጣም።

ከመድረሻው ጥቂት ሲቀር ለኢንግሪድ መሪውን መለሱ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ እሷም ሰጠች። ገመድ ሲታሰር ጠጋ ብለው «ነገርሻት አይደል?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ሽሮ ነው ያወራሁት።»

«አይ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም።

ሻንጣዬን፣ አሁን ባዶ ነውና በቀላሉ፣ ቢየርን በቀዳዳው አወጣልኝ። ቆቡን ልመልስለት ብሞክር እንቢ አለ፤ እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ ራሴ ላይ መለስኩት። ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ኢንግሪድ ከመርከቧ ላይ ሆና ጮኸች። «ዘውዱ! በመስከረም ፖም ልንጭን እንወርዳለን። ትመጣለ…»

«ያ!» አሉ ጋሽ ዘውዱ፣ ቃሏን ሳትጨርስ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። «ጋሽዬ! ሁለተኛ እስክትጠይቅዎት እንኳ አይጠብቁም?»

«ሁለተኛ እስክትጠይቀኝ ዓይኔ አይጠብቀኝም» አሉና ሻንጣውን ከእጄ ወስደው ወደ ባቡሩ ቀደሙኝ።